አባ ኦሊ ያፈረሷቸው ከተሞች

ባለፈው ሳምንት አከራዬ የግቢውን በር ሊቀባ የአኳራጅ ጠርሙስ ከፈተ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። ያ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን የሚያስለቅስ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ሲደርሰኝ እርጥብ አንሶላ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው፣ አመመሽ?» አለኝ።

«አይ፣ አባ ኦሊ ትዝ ብለውኝ ነው።»

አባ ኦሊ ማን እንደሆኑ ሳይጠይቀኝ ወደ በሩ ዞረ። እሱ ባይጠይቅም እኔ ሳልናገር አላድርም።

አሥር ዓመቴ ነበር። የጅማ ክረምት ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አወቱ መንደራ ያለው ሰፈራችን ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ መነጽር ግን «የጡረተኛ ዕቃ ነው» ብሎ አያደርግም። እናቴ አራስ ነበረች። ቤት ስሆን ግድግዳው ላይ ሰው እየሳልኩ ስላስቸገርኳት ከአባቴ ጋር ሱቅ እንድውል ተፈረደብኝ።

አንድ ቀን አንድ የቡና ነጋዴ ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ኮት ሊያሰፋ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አመጣ። አባቴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ጠመኔውን ጥሎልኝ ነው የሄደው። ከጀርባው መስመር አጠገብ ሰፊ ባዶ ቦታ ነበረ፤ እዚያ ላይ ሙሽራ ሳልኩ። ቬሎ አለበስኳት፣ አበባ አስያዝኳት፣ ቀሚሷን መሬት ድረስ ለቀቅኩት።

አባቴ ተመልሶ መቀሱን አነሳ። መቀሱ ከነጋዴው ትከሻ ጀምሮ በሙሽራዋ ቬሎ ዞረ፣ በክንዷ ወረደ፣ በቀሚሷ ጫፍ ተጠማዝዞ ወጣ። ላስቆመው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሙሽራዬ ከጨርቁ ተለይታ ስትወጣ እንዴት እንደምታምር ለማየት ጓጓሁና ዝም አልኩ። አባቴ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስቶ ብዙ ሲያየው ቆየ።

«ይሄ ሰውዬ ትከሻው እንዲህ ነበር እንዴ?» አለ ለራሱ።

ነጋዴው ኮት አዝዞ ሰደርያ ለብሶ ልጁን ዳረ። እኔም በዚያው ቀን ከሱቁ ተባረርኩ። የተባረርኩት ሩቅ አይደለም። የአባቴ ሱቅና የአባ ኦሊ ታፔላ ቤት በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። አባቴ ቆርቆሮውን በመቀሱ እጀታ ደበደበ።

«አባ ኦሊ! ይቺን ልጅ ይውሰዱልኝ። ጨርቅ ላይ ከምትስል ላሜራ ላይ ትሳል። ላሜራ አልቆርጥም!»

«ትምጣ፣ ትምጣ» አለ ከወዲያ ማዶ ቀጭን ድምፅ።

አባ ኦሊ ረጅም፣ ሸንበቆ የመሰሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ነጭ ኮፊያቸው ላይ የሌለ የቀለም ዓይነት የለም፤ ጅማ ውስጥ የተከፈተ ሱቅ ሁሉ እዚያ ኮፊያ ላይ አንዳንድ ጠብታ ትቷል። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ ከተጠየቁም በአረብኛ ታፔላ ይጽፋሉ። ፊደላቸው እንደ ተማረ ወታደር ተሰልፎ ይቆማል። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም። ሰውና እንስሳ አይስሉም። ፀጉር አስተካካይ ሲመጣ መቀስና ማበጠሪያ ይስሉለታል። ሥጋ ቤት በሬ ሲጠይቃቸው ቢላዋና ትሪ ይሰጡታል።

«አባ ኦሊ ነፍስ ያለው ነገር አይስሉም» ይላል ሰፈሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መስጊድ ሲገቡ ወጣቶች ከፊታቸው ገለል ይላሉ። አባቴ እንኳ፣ ክርስቲያኑ፣ «ሃይማኖት እንዲህ ነው! እንጀራውን እየተወ!» እያለ ለደንበኞቹ ያወራል።

የእኔ ሥራ ብሩሽ ማጠብ ነበር። ብሩሽ በአኳራጅ ይታጠባል፤ እጄ ስለሚሸት ምሳ ስበላ ቅቅል በቆሎው ሁሉ አዲስ የተቀባ በር በር ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁና ሥዕሎቹን አገኘኋቸው።

በተረፈ ላሜራና በኮምፔንሳቶ ላይ የተሳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ብዙ ሥዕሎች ነበሩ። አንድ በአንድ እያዞርኩ አየኋቸው። ሁሉም ላይ ጨረቃ አለች። ከጨረቃዋ በታች ትልልቅ የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ግማሾቹ ወድቀዋል። የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሪያ የሌለው አዳራሽ፣ ግማሹ የተገመሰ በር፣ ከበሩ ሥር ደግሞ የእኛን የአወቱን ወንዝ የሚመስል ግን ንጹሕ የሆነ ውሃ። ሁሉም ሰማያዊ ነው። ዝምታው ሲያስፈራ የሥዕሉ ቆርቆሮ ራሱ የቀዘቀዘ መሰለኝ።

ሮጬ ወጣሁ። አባ ኦሊ አንድ ትልቅ ታፔላ ላይ ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን ውጠው ፊደል ይጽፋሉ።

«አባ ኦሊ፣ ያንን አገር ማን ነው ያፈረሰው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሰዎቹስ?»

«ማሊ? የምን ሰዎች?»

«እዚያ ይኖሩ የነበሩት።»

የሚጽፏት ፊደል የምታስቸግረው ‹ሸ› ነበረች መሰለኝ፤ ብሩሻቸውን ቀስ አድርገው አዞሩ። «ሄዱ።»

«የት?»

«ሸቤ!» አሉኝ፣ እንድተዋቸው። የሚጽፉት ታፔላ ሸቤ ከተማ ላለ ሱቅ ስለነበር አፋቸው ላይ የመጣው እሱ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የማላምነው ነገር አልነበረም።

ሸቤን አይቼው አላውቅም። የማውቀው መናኸሪያ ረዳቶች ሲጮኹት ብቻ ነው፤ «ሸቤ! ሸቤ! ሸቤ! የቀረ! የቀረ!» እያሉ ሰው ሲጎትቱ። ለምን እንደዚያ እንደሚጣደፉ አሁን ገባኝ። ሰው እያተረፉ ነዋ! ከዚያ ወዲያ እናቴ ወደ መናኸሪያው ስትልከኝ ሚኒባሱ ላይ ፍራሽ የሚያስጭኑትን ሴቶች ቆሜ በሐዘን አያቸው ጀመር። ምስኪኖች፣ ከፍርስራሹ ያወጡት ይቺን ፍራሽና እነዚህን ሁለት ዶሮዎች ብቻ ነው እላለሁ።

የፈረሰውን ከተማ ግን ማየት ፈለግሁ። የአባ ኦሊን ሚስት አዴ ዘሃራን ጠየቅኋቸው። አዴ ዘሃራ ጥያቄ ሰምተው መልስ ሳይሰጡ የቀሩበት ቀን የለም። «የድሮ ነገርማ ያለው ጅሬን ነው» አሉኝ። እዚያ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይዘውኝ ወጡ። ዳገቱን ጨርሰን የድሮው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ደጅ ስንደርስ አንጀቴ ተቃጠለ። የእንጨት ነው። ቆሟል። ሰገነቱም፣ ጣሪያውም፣ የተፈለፈለው እንጨትም ሁሉ በቦታው አለ።

«ይሄማ አልፈረሰም!» አልኩት ዘበኛውን።

«እንዲፈርስ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ቆጣ ብሎ፣ ከዚያም ለአዴ ዘሃራ «የማን ልጅ ናት?» አላቸው።

«የልብስ ሰፊ» አሉት። «ሙሉ ነገር አይወዱም፣ መቁረጥ ነው የለመዱት።»

ነሐሴ ሲጋመስ አንዲት ወይዘሮ የዝናብ ካፖርታቸውን እያራገፉ ታፔላ ቤታችን ገቡ። ወገባቸው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንድ ሰው ያን ያህል በር ሊኖረው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ፤ ሸቤ ሆቴል ሠርተው ለአዲስ ዓመት ሊከፍቱ ነው።

«የምግብ አዳራሹ አንድ ግድግዳ ባዶ ነው» አሉ። «ሥዕል እፈልጋለሁ። ጨረቃ ይኑረው። ውሃ ይኑረው። ደግሞ እንደ ድሮ ዘመን ግርማ ያለው የድንጋይ ሕንጻ ይኑርበት።»

አባ ኦሊ ብሩሻቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውና በሬ ሲያዝዛቸው ከኖረ ሰው መሀል እንዲህ ያለ ደንበኛ መጥቶባቸው አያውቅም።

«ጨረቃ አሉ?»

«ጨረቃ።»

«የድሮ ሕንጻ?»

«የድሮ። ሌላውን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

አዴ ዘሃራ እህታቸው ሸቤ ስለሆነች አብረው ሊሄዱ ተነሱ። እኔም እሄዳለሁ ብዬ ሁለት ቀን አለቀስኩ። አባቴ የሕፃኑና የእኔ ለቅሶ ሲደራረብበት ፈቀደ። በአባዱላ ሚኒባስ ተጭነን፣ የቀለም ቆርቆሮ በእግራችን መሀል አቅፈን፣ ጫካ ለጫካ በቡናው ጥላ ሥር ወረድን። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተሰደዱትን ሰዎች።

ሆቴሉ ደጅ የመጀመሪያውን አገኘሁት። ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚደርስ የወታደር ካፖርት ለብሶ በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ቆሟል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከፈረሰው አገር ከመጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከየትኛው?»

«ከሩቁ።»

ጋሽ ደምሴ ተከዘ። «እኔማ ከወሎ ነኝ። በልጅነቴ ነው የመጣሁት። ምን ቀረ ብለሽ ነው፣ ፈርሷል።»

ተረጋገጠ። ማድ ቤት ገብቼ ወጥ ቤቷን አልማዝን ጠየቅኋት። ከዳውሮ ነው የመጣችው። በአጥር የሚዋሰነን ወፍጮ ቤት ሰውዬ ከጉራጌ፣ እንጨት የምታመጣዋ ሴት ከከፋ። ያ ሆቴል ግቢ ውስጥ የሚወጣ የሚገባው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አባ ኦሊ ያሉት እውነት ነበር፤ ሁሉም ሸቤ ነው ያሉት። ሁሉም ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይሥቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማዝንላቸው።

አባ ኦሊ አራት ቀን ሳሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ወንበር ሊገዙ ሄደው ስለነበር ማንም የሚያየን የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ አልማዝ ማርቃ የሚሉትን ገንፎ ሠርታ ቅቤ አፍስሳ ታመጣልናለች፣ አባ ኦሊ መሰላል ላይ ሆነው ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ጨረቃዋን ያሰመሩት በቀለም ባልዲ ክዳን ነው። የክዳኑ ዳር ትንሽ ተቆልምሞ ስለነበር ጨረቃዋም በአንድ ጎን ጉንጯ ያበጠ ትመስላለች። ግን ምሰሶዎቹ! ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሙ። ደረጃው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ አለቀ። ውሃው ላይ የጨረቃዋ ብርሃን እንደ ተሰበረ ሳህን ተበተነ። ያን የመሰለ የፈረሰ አገር ሠርተው አያውቁም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ወንበሮቹን የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን ነፋ። ወይዘሮ በላይነሽ ገቡ። ግድግዳውን አዩት። ቁልፎቻቸው መንኳኳት አቆሙ።

«አባ ኦሊ» አሉ ቀስ ብለው። «ሆቴሌን ሳልከፍተው አፈረሱብኝ?»

«እንዴት እመቤቴ? ያዘዙት እኮ ነው። ጨረቃ፣ ውሃ፣ የድሮ ሕንጻ።»

«የድሮ አልኩ እንጂ የፈረሰ አልኩ?»

«የድሮ ነገር አይፈርስም?»

«የእኔ እንግዳ እዚህ ተቀምጦ ክትፎ ሲያዝዝ ጣሪያው ይወድቅብኛል ብሎ ቀና ቀና ሊል ነው! ደግሞ አንድ ነፍስ የለበትም። መዓት የወረደበት አገር! ሙሽራና ሙሽሪት ያስገቡበት።»

«እኔ ነፍስ ያለው ነገር...»

«አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። አላስገድድዎትም» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። ከዚያ ወደ ደጅ ዞረው ጮኹ፤ «ደምሴ! ከገበያ ኖራ አምጣ! ነገ ጠዋት ይሄ ግድግዳ ነጭ ይሆናል!»

አባ ኦሊ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ጢማቸው ብቻ ነው ቀይ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አጠገባቸው ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«ሰው ቢስሉላቸው አላህ ይቆጣል?»

ግራ ቀኝ አዩ። አልማዝ ማድ ቤት ናት፣ አዴ ዘሃራ እህታቸው ጋ ናቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንዲህ የሚሉኝ ቁም ነገር ሲኖር ብቻ ነው። «ምስጢር ትጠብቂያለሽ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ሰው መሳል አልችልበትም።»

«እርስዎ?» አልኩ።

«ወጣት ሆኜ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የሰው ጭንቅላት ሳልኩ። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ አንድ ሰው አልገባለትም። ‹እዚህ ቤት የገባ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው› እያሉ በማዶ ያልፋሉ። አፍሬ ሄጄ አወረድኩት። ሳወርደው አንድ ሽማግሌ አየኝና ‹ማሻአላህ! ነፍስ ያለው ነገር መሳሉ ከብዶት እኮ ነው› አለ። እኔ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ሠላሳ ዓመት ሆናት።»

«ቤት ግን ይችላሉ» አልኩ ላጽናናቸው።

«የፈረሰ ቤት። ሙሉ ቤት ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። እጄ ፊደል ላይ ሲሆን ይታዘዛል፣ ቤት ላይ ሲሆን ይጣመማል። የፈረሰ ሲሆን ማን ያውቃል?»

«ጨረቃዋስ?»

«ከታፔላ የሚተርፈኝ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ነው። በሰማያዊና በነጭ ቀን አይወጣም።»

ይሄን ሁሉ ሰምቼ ተናደድኩ። እንደ አባቴ ነው የተናደድኩት፣ የተበላሸ ጨርቅ በእጄ እንደቀረ። «ታዲያ ለምን ይስሉታል? ካልቻሉ ለምን አይተዉትም?»

«ልጅ ሆኜ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ክረምት ነው። ዝናቡ በኖራው ግድግዳችን ላይ ፈስሶ ፈስሶ ከተማ ሠራ። ምሰሶ አለው፣ ደረጃ አለው። ትኩሳቱ ሲነሳብኝ እዚያ እገባለሁ። ስድን እናቴ ደስ ብሏት ቤቱን ኖራ ቀባችው።» ወደ ሥዕሉ አመለከቱ። «ይኸው ነገ ደግሞ ይቀቡታል።»

«እኔ እስልልዎታለሁ። ሰው እችላለሁ።»

«ዲሲ! ተይ። ያንቺን ሰው አባትሽ ነግሮኛል።»

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ወደ መስጊድ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ጠረጴዛ ጎትቼ ወንበር ጫንኩበት።

ማንን እንደምስል አላሰብኩም፤ ቀድሞም ታውቆ ያለቀ ነገር ነው። ሰዎቹ ሸቤ ናቸው፣ አገራቸው ግድግዳው ላይ ነው። መልሼ ማስገባት ነው። ከበር ቀለም የተረፈ ቡናማ ነበር፣ ትንሽ ቀይ፣ ትንሽ ጥቁር። ጋሽ ደምሴን ከነካፖርቱና ከነተሰበረ ጃንጥላው በተገመሰው በር አቆምኩት። አልማዝን ከነድስቷ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ በዱቄት ነጭ አደረግኩት። ፍራሽ የተሸከሙ ሴቶች፣ «የቀረ!» የሚል ረዳት፣ አዴ ዘሃራ እያወሩ፣ ሁለት ዶሮ። ከሁሉ በላይ፣ ረጅሙ የፈረሰ ምሰሶ ጫፍ ላይ፣ ወይዘሮ በላይነሽን በፕላስቲክ ወንበር ከነቁልፋቸው አስቀመጥኳቸው። ሙሽሮቹን የረሳኋቸው መሆኔ ትዝ ያለኝ መጨረሻ ላይ ነው። ቦታ አልቆ ስለነበር ውሃው ዳር ከዶሮዎቹ ጋር እኩል ሆነው ገቡ።

አባ ኦሊ ሲገቡ እኔ ገና ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ለመውረድ አልደፈርኩም። እሳቸው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ዓይናቸውን እያዞሩ ቆሙ። ጆሮዬን ለቁንጥጫ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«ኢንተላ» አሉ በመጨረሻ። «ጨረቃዋ የት ናት?»

«ይቻትና።»

«ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ጥላ የት ሄደ?»

እውነትም ጥላ የላቸውም። ሁሉም እንደ ልብስ መሬት ሳይነኩ ተንጠልጥለዋል።

ብሩሻቸውን አነሱ። «ጥላ ነፍስ የለውም» አሉ ለራሳቸው፣ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚከራከሩ ሆነው። «ደግሞ ጠማማ ቢሆን ማንም አይታዘበውም።» ከጋሽ ደምሴ እግር ጀምረው ረጅም ሰማያዊ ጥላ በድንጋዩ ላይ ጎተቱ። ጋሽ ደምሴ ወዲያው ቆመ። አልማዝ ደረጃው ላይ ከበደች። ወይዘሮ በላይነሽ ወንበራቸው ምሰሶው ላይ ተደላደለ። እስኪመሽ ድረስ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ጥላ ሰጡት፤ ለዶሮዎቹ እንኳ አላዳሉም።

በነጋታው ጋሽ ደምሴ የኖራ ባልዲውን ይዞ ቀድሞ ገባ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም? ጃንጥላዬ እኮ ነው!» ባልዲውን መሬት ጣለው። አልማዝ ሮጣ መጥታ «እኔ ወገቤ እንዲህ ነው?» ብላ በእጇ መለካት ጀመረች። ወይዘሮ በላይነሽ ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። አንድ በአንድ አዩ። ራሳቸውን እየፈለጉ እንደሆነ አወቅኩና ወደ ላይ ጠቆምኳቸው።

«በፕላስቲክ ወንበር?» አሉ። «የቆዳ ሶፋ እያለኝ?»

«ድንጋዩ ላይ ሶፋ አይወጣም» አልኳቸው።

«ለመሆኑ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«አገርዎ ተመልሰው ነው። ሲፈርስ ጥለውት የመጡት። አባ ኦሊ ነግረውኛል።»

ወደ አባ ኦሊ ዞሩ። አባ ኦሊ ምንም እንደማያውቁ በእጃቸው አሳዩ። ወይዘሮ በላይነሽ አንድ አዲስ ወንበር ከነላስቲኩ ስበው ተቀመጡ።

«ጎጃም የእናቴ ቤት ፈርሷል ብለው ላኩብኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ስንት ዓመት ሆነው። ሄጄ አላየሁትም። ትናንት ይሄን ሳየው እሱ መጣብኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው ግን ቁልፋቸውን አንስተው ቆሙ። «ደምሴ፣ ኖራውን ወደ ሽንት ቤቱ ውሰድ፣ እዚያ ያስፈልጋል። አንቺ ልጅ፣ ጫማ አላደረግሽልኝም፤ ጫማ አድርጊልኝ።»

ወሬ ከአባዱላ ይቀድማል። ጅማ ስንመለስ አወቱ መንደራ ሰምቶ ጠበቀን። ሻንጣችንን ሳናወርድ የመስጊዳችን ሽማግሌ ሼህ ከድር ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጡ። አባቴም የስፌት መኪናውን ትቶ በታፔላ ቤቱ በር ቆመ።

«አባ ኦሊ» አሉ ሼህ ከድር፣ እንዳያሳፍሯቸው ተጠንቅቀው። «ሸቤ ላይ ሰው ሳሉ የሚል ሰማን።»

አባ ኦሊ ኮፊያቸውን አስተካከሉ። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ መሬት አዩ።

«ሼኬ፣ እውነቱን ልናገር። ሰዎቹን የሳለችው ይቺ ልጅ ናት። እኔ የሳልኩት ጥላቸውን ነው። ደግሞ እስከዛሬ ሰው ያልሳልኩት ፈሪሃ አላህ በልጦብኝ አይደለም። አልችልበትም። ወላሂ፣ አልችልበትም።»

የሼህ ከድር ዓይን እንባ አቀረረ።

«ማሻአላህ!» አሉ። «ልመስገን አላሉ! ልጅቷም እንዳትወቀስ፣ የራሳቸውንም መልካም ሥራ ሊደብቁ፣ በራሳቸው ላይ ጉድለት አወሩ!»

«እኔ ምን እላችሁ ነበር!» አለ አባቴ።

«የለም፣ የለም፣ ውሸት አይደለም!» አባ ኦሊ ጮኹ። «እውነቴን ነው!»

«ትሕትና ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚለው» አሉ አንዱ ጎረቤት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አባ ኦሊ ትዕግሥታቸው አለቀ። ኮምፔንሳቶ አነሱ፣ ብሩሽ ነከሩ፣ «ቁም!» አሉት አባቴን። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። አባ ኦሊ እያላባቸው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ ሳሉትና ለሼህ ከድር ሰጧቸው። «ይኸው! ይዩት! ይሄ ነው የእኔ ሰው!»

ሼህ ከድር አዩት። አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት። ለጎረቤቶቹ አሳዩ። አባቴም አጎንብሶ ተመለከተ።

«ይሄ በግራ በኩል ያለው ምሰሶ እንዴት ያምራል!» አለ አባቴ።

«በሩ ደግሞ ግማሹ ወድቋል» አሉ ጎረቤቱ።

ሼህ ከድር ኮምፔንሳቶውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አያችሁ? ሰው ልሳል ብለው ሲነሱ እንኳ እጃቸው እምቢ ብሎ የፈረሰ ቤት ሠራ። አላህ ይጠብቃቸዋል!»

አባ ኦሊ ብሩሹን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ ተሸንፈው አይቻቸው አላውቅም። «ኢንተላ ኮ፣ ስናገር ሰምተሻል አይደል? በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

«ሰምቻለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በሰዎቹ መሀል ሾልኬ ሥዕሉን ጠጋ ብዬ አየሁት። እውነት ለመናገር፣ ጥሩ የፈረሰ ቤት ነበር።